ሦስት ጓጉንቸር ላለው የኮምፒውተር ክፍል የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ተክለጻድቅ
የወይራ አምባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ የጥቅምቱ ውርጭ ወገብዎን እንዳይይዝዎ፣ ጉልበትዎም ከስብሰባ ወደ ስብሰባ መመላለስ እንዳያቅተው ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት የትምወርቅ ተገኘ ይህን ምስጋና በአደባባይ አቀርባለሁ። በአደባባይ ያደረግሁት ቢሮዎ ደጋግሜ መጥቼ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልሁ ነው።

፩ኛ፦ ስለ ጥንቃቄዎ። የአካባቢው ተወላጆች የላኩልን ኮምፒውተሮች የሚያንቀሳቅሳቸው ፕሮግራም፣ ሥርዓተ ክወና የሚሉት፣ ሳይጫንባቸው ነበር የመጡት። መምህር ምስክር ሊኑክስ ይጫን አሉ፤ በነጻ ይገኛል፣ ፈቃድ የሚጠይቀን የለም፣ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ልጆቹ ውስጡን እያዩ ይማሩበታል። የንብረት ክፍሉ አቶ ጌጡ ደግሞ ዊንዶውስ ነው የሚሻለው አሉ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው እሱ ነው፣ ሲበላሽም መሐል ሜዳ ከተማ የሚጠግነው አይጠፋም፣ ልጆቹም ሥራ ሲይዙ የሚጠብቃቸው እሱ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን መርጦ ልጆቹን ያስገባ ነበር፤ እርስዎ ግን ሁለት እውነት ባለበት መፍረድ የሚከብድዎ ሰው ነዎትና ጉዳዩን በቀጠሮ አቆዩት።

፪ኛ፦ ስለ ጓጉንቸሮቹ። በሰበካ ጉባኤ ለረጅም ዘመን ስላገለገሉ፣ ሙዳየ ምጽዋቱ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች አብረው ካልቆሙ እንደማይከፈት ያውቃሉ፤ በዚህም ደብራችን አንድም ቀን ታምቶ አያውቅም። ይህንኑ ሥርዓት ወደ ትምህርት ቤቱ አመጡልን። አንዱ ወገን ሌላው ሳያይ የራሱን እንዳይጭን በሩ ላይ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠለጠለ፤ አንዱ ቁልፍ ለመምህር ምስክር፣ አንዱ ለአቶ ጌጡ፣ አንዱ ለእርስዎ። ምጽዋት ተቆልፎበት ቢከርም እንደማይጎዳ፣ ተማሪ ግን እንደሚጎዳ ያን ጊዜ ማንሳት ነበረብኝ፤ በስብሰባው መካከል ሴት ተነሥታ ሥርዓት ስትነቅፍ ደስ አይልም ብዬ ዝም አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ሦስታችሁ መገናኘት አልሆነላችሁም። አቶ ጌጡ ሲኖሩ መምህር ምስክር ደብረ ብርሃን ሥልጠና ላይ ናቸው፤ መምህር ምስክር ሲመለሱ እርስዎ ሞላሌ ለቅሶ ሄደዋል፤ እርስዎ ሲመጡ ገበያ ሆኖ አቶ ጌጡ በግ ሊሸጡ ወጥተዋል። አንድ ጊዜ ሦስታችሁም መጥታችሁ በሩ ተከፈተ። ያን ዕለት መብራት አልነበረም።

፫ኛ፦ ስለ ልጄ ጌታነሽ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋ በኮምፒውተር እንደሚሰጥ የሰማን ጊዜ መሐል ሜዳ ካለ ኮምፒውተር ቤት ልልካት ነበር። እርስዎ ግን መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ ልጅቱን አታንከራትቻት፣ በዚህ ሳምንት ይከፈታል አሉኝ። ቃልዎን አመንሁ። ሳምንቱ ወር ሲሆንም አመንሁ። እሷ ከክፍሉ ጀርባ ከተጣሉት የኮምፒውተር ካርቶኖች አንዱን ይዛ መጣች፤ በስክሪብቶ ኪቦርድ ሣለችበት፣ ለማውዝ የልብስ ሳሙና ያዘች። እኔ መጽሐፍ እያየሁ ግራውን ተጫኚ እላታለሁ፤ እሷ ሳሙናውን ትጫናለች። ምን እንደሚከፈት ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

በፈተናው ዕለት ሌሎቹ መሥራት ሲጀምሩ እሷ ማውዙ በስክሪኑ ላይ የሚያስኬዳትን ቀስት ስታሳድድ ቆየች። ሳሙና ሲገፉት ይሄዳል እንጂ ቀስት አያስከትልም። ተቆጣጣሪዋ መጥታ በምን ተለማምደሽ ነው የመጣሽው ብትላት፣ «በካርቶን» አለቻት። ሴትዮዋ የተቀለደባት መስሏት ተቆጣች። ልጄ የምታውቃቸው ጥያቄዎች ላይ ሳትደርስ ሰዓቱ አለቀ።

ስትመለስ የጠየቅኋት አንድ ነገር ነው። ኮሚቴው ይህን ያህል የደከመበት ጉዳይ ነውና፣ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ከሁለቱ የትኛው ነው አልኋት።

«እኔ እንጃ እማዬ፤ የሚታየው ጥያቄው ብቻ ነው» አለችኝ።

አላለፈችም። ዘንድሮ በግል ተመዝግባለች፤ በሩም እንደተቆለፈ ነው። የምከሰው ሰው ፈልጌ አጣሁ። መምህር ምስክር ያሉት ትክክል ነው፣ አቶ ጌጡም ያሉት ትክክል ነው፣ እርስዎም ማንንም አላስቀየሙም። ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ ሊኑክስም ይሁን ዊንዶውስ፣ አንዱ ይጫን። ዕጣ ብታወጡም አልቃወምም። ይህም ከከበደ፣ ልጆቹ የተዘጋውን ኮምፒውተር ቢያንስ በእጃቸው እንዲነኩት ይፈቀድላቸው።

ለሁሉም ወገን እኩል በማሰብ ማንንም ላላስገቡት ሰብሳቢያችን ረጅም ዕድሜና የማያቋርጥ ቃለ ጉባኤ እየተመኘሁ፣ ከበሩ ውጭ ቆሜ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
የትምወርቅ ተገኘ
ከወይራ አምባ

ማሳሰቢያ፦ ሳሙናው አልቋል፤ ካርቶኑ ግን ደህና ነው። ፈቃድ አይጠይቅም፣ መብራትም አይፈልግም፣ ሁለቱም ወገን እስካሁን አልተቃወሙትም። ለዘንድሮ ተፈታኞች እንዲያገለግል ለትምህርት ቤቱ ላስረክበው አስቤያለሁ። ለመረከብ ሦስታችሁም አብራችሁ መገኘት ግድ ከሆነ ግን ይቅርብኝ፤ ጌታነሽ ትፈልገዋለች።