በቀትር ለተረጨልን የፖም መድኃኒት የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። አምና በእህቴ የፖም ማሳ መሃል ባነር አስዘርግተው ንግግር ሲያደርጉ የቀትር ፀሐይ አናትዎን መትቶዎት ስለነበር፣ ነገሩ እስካሁን ሐሳብ ሆኖብኛል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ከአምናው የፖም ፍሬያችን ግን በእርስዎ ቸርነት አንድም አልተረፈም።

፩ኛ. ዛፍ ፍሬ ሲበዛበት ሁሉም ጫጭቶ እንደሚቀር፣ መድኃኒቱ ግን ገና በለጋነቱ ከፊሉን አርግፎ የቀረውን እንደሚያወፍር ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ትምህርቱ እውነት ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ጎረቤታችን በማለዳ ቅዝቃዜ ረጭቶ ቡጢ የሚያህል ፖም ለቅሟል።

፪ኛ. ለእኛም ባለሙያዎችዎ ጎህ ሳይቀድ መጥተውልን ነበር። ነገር ግን እንግዶችዎ ስላረፈዱና ያለ እነርሱ ፎቶው ስለማያምር፣ መርጫ ያዘሉትን ሰዎች እስከ ቀትር በማቆምዎ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። በጠርሙሱ ላይ «በሙቀት ጊዜ አይረጭ» ተብሎ የተጻፈው መቼም እንደ እርስዎ ላለ እንግዳ አክባሪ አይደለም።

፫ኛ. ፍሬው እንዳለ ሲረግፍ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድግበት ከዚያ ማሳ ሌላ የሌላት እህቴ ቢሮዎ ድረስ መጥታ ነበር። «እትዬ፣ የአመለካከት ችግር አለብዎት» ተብላ ተመለሰች። ዓመቱን ሙሉ የሰው ልብስ ስታጥብ ከርማ አመለካከቷ ተስተካክሏል፤ እጇ ግን ቆስሏል።

ከዚህ በኋላ ተናድጄ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። አምና ያለ ፍሬ አርፎ የከረመው ዛፍ ዘንድሮ በአበባ ሲጥለቀለቅ፣ ጽሕፈት ቤትዎ «የመድኃኒታችን ውጤት» ብሎ ሪፖርት ጻፈበት። ይባስ ብሎ ሰኞ ሌሎች እንግዶች አስከትለው ዳግም ሊረጩልን እንደሚመጡ ተነግሮናል።

አይረጩም። በሩን ቆልፈነዋል፤ ቁልፉም እህቴ አንገት ላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከየዘለላው አንድ አንድ እያስቀረን ለጋውን ፍሬ በእጃችን እናሳሳለን፤ የእኛ እጅ እንግዳ አይጠብቅም። ሊያሳስሩን ከፈለጉ መሰላሉ ላይ ያገኙናል።

ዕድሜና ጤና፣ በተለይም ለንግግርዎ የሚሆን ሰፊ ጥላ እየተመኘሁልዎ፣

በር ቆልፌም ቢሆን የማከብርዎ፣
የአመለካከት ችግር ያለባት ሴት ወንድም

ማስታወሻ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ለሚያዘጋጀው ኤግዚቢሽን የአምናውን ምርጥ ፖማችንን እንድንልክ በጠየቁን መሠረት፣ ባዶውን ቅርጫት ልከናል። ከባነርዎ ሥር በክብር ያስቀምጡልን። ሲጨርሱ ግን አደራ ይመልሱልን፤ ዘንድሮ እንሞላዋለን።