አንድ ሰው ወይስ ሁለት

መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሞላሌ

ለታናሽ እህቴ፣

ለዚህ ሁሉ ጣጣ ተጠያቂው ፈንታ ነው፤ ሞላሌ ገበያው ዳር ስልክ የሚጠግነው ፈንታ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ሰላምታው ሲረዝም እንዳይረሳኝ ነው። አሁን ወደ ሰላምታው፦ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ? የባለቤትሽ ስኳር ቀነሰለት? እኔ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ከጉልበቴና ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ብርዱ እንደምታውቂው ነው። በጎቹ ደህና ናቸው።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ተክለጻድቅ ስለነበሩ የደረሰሽ ሁሉ ሰላምታና ምርቃት ነበር፤ በሰው እጅ ሌላ ምን ይጻፋል? በስልክ ደግሞ ቁም ነገር ስጀምር መስመሩ የሚቆረጠው ሁልጊዜ አንቺ ጋ ነው። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ከጎልማሶች ትምህርት ኋላ ወንበር ተቀምጬ ሀ ሁ ያልኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ፊደሌ ቢንጋደድ ቻይኝ፤ አንቺ በልጅነትሽ ነው የተማርሽው፣ ማገዶውን እኔ እየለቀምኩ።

ጽናት «ለአክስቴ» ብላ ለገና የላከችልኝን የፎቶ ፍሬም ታውቂዋለሽ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ፎቶ እየቀያየረ የሚያሳይ ነው። እሷ ስጦታ ትለዋለች። እኔ እንደታመመ ልጅ አዝዬው ሦስት ጊዜ ሞላሌ ተመላልሼበታለሁ፤ መሄጃው ሁለት ሰዓት፣ መመለሻው ሁለት ሰዓት፣ በእግር። ፎቶዎቹ የሚወርዱት በኢንተርኔት ነው ተባለ። እኛ መንደር ስልክ እንኳ የሚሰማው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ነው። ስለዚህ ፈንታ ሱቁ ውስጥ በራሱ ስልክ ከጽናት ጋር አገናኝቶ ወደ ፍሬሙ አወረደልኝ። ከዚያ ስንት ሰዓት በርቶ ስንት ሰዓት ይጥፋ አለኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት በርቶ ማታ አሥራ ሁለት ይጥፋ አልኩት። ያልኩትን ጻፈ። ለካ ዕቃው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ኖሯል! ጎረቤቶቼን ጠርቼ፣ ዳቦ ቆርሼ፣ ገና ሁለተኛውን ዙር ሲያዩ ልክ በስድስት ሰዓት ድርግም አለ። አመተሥላሴ መቼ ታልፍና! «ይሄ እንግዳሽ ምሳ ሳይበላ ነው እንዴ የሚተኛው?» ብላ ቤቱን ሙሉ አሳቀችብኝ።

አዝዬው ተመለስኩ። ፈንታ ሽበቱን እንኳ ሳያፍር፣ እትዬ፣ እርስዎን ደግሜ ለማየት ብዬ እኮ ነው ያበላሸሁት እያለ ሰዓቱን አስተካከለ።

ፎቶዎቹ መቶ አርባ ናቸው። በጽናት ክርስትና ቀን አንቺ ታቅፈሻት፣ በምረቃዋ ቀን አንቺ አቅፈሻት፣ በሠርጓ ቀን አንቺ እያለቀስሽ። እኔ ያለሁት አንዱ ላይ ብቻ ነው፤ ከዳር፣ የአንቺን ኮት የያዘ እጅ። ፈንታም ልብ ብሎት ኖሮ፣ የራስዎ ፎቶ ካለ እንጨምርበት አለኝ። በሃያ ሦስት ዓመቴ ለመታወቂያ የተነሳሁትን፣ በመሐረብ ቋጥሬ የማኖረውን ሰጠሁት። በስልኩ አነሳና አስገባው።

የፈንታ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ስልኩ የእኔን ፊትና የጽናትን ፊት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አንድ ሰው ናቸው ወይስ የተለያዩ ሰዎች ብሎ ጠየቀ። ፈንታ እኔን ሳይጠይቅ «አንድ ሰው» የሚለውን ተጫነው። ምን አደረግህ ስለው፣ ምን ላድርግ እትዬ፣ ዓይን ያለው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ የእኔ ፎቶ በመጣ ቁጥር ከሥሩ «ጽናት» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሦስት ፊደል ነው። ደጋግሜ አነበብኩት።

አመተሥላሴ ፊደል አታውቅም። ፊቱን ብቻ አየችና፣ እኔማ ድሮም ብላ ጀምራ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል አይተሽ ታውቂያለሽ?

ጽናትም ፎቶው በስልኳ ደርሷት ደወለች። ድንጋዩ ላይ ቆሜ አነሳሁት። «አክስቴ፣ ማሽኑ እኮ አንቺን እኔ ናት አለ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና፣ ስወለድ አንቺም ነበርሽ አይደል አለችኝ። ነበርኩ አልኳት። አልዋሸሁም። በዚያ ክረምት ከጓሳ ማዶ አክስታችን ቤት ማን ተደብቆ እንደከረመ፣ ማንስ በመስከረም በበቅሎ መጥቶ ሕፃን ታቅፎ እንደተመለሰ፣ አንቺም እኔም እናውቃለን።

ትናንት ደግሞ አንቺ ደወልሽ። ጤናዬን እንኳ ሳትጠይቂ፣ ለትንሣኤ ከጽናት ጋር እንመጣለን፣ ያንን ፎቶ ከዚያ በፊት አስጠፊው አልሽ። ልመልስልሽ ስል መስመሩ ተቆረጠ።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነበር። ፈንታ ዛሬ አልቀለደም፤ ስልኩን አቀበለኝና፣ ማንበብ ይችላሉ፣ የፈለጉትን ይጫኑ አለኝ። «የተለያዩ ሰዎች» የሚለውን አገኘሁት። ጣቴን አስጠግቼ ብዙ ቆየሁ። አባታችን ልጅ ያልነበረውን ያንቺን ትዳር ለማጽናት፣ የእኔን ነውር ለመሸፈን ብሎ የፈረደ ቀን ይህንኑ እሺ ብዬ ነበር፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉም እሺ እንዳልኩ ኖርኩ። ሳልጫነው ስልኩን ለፈንታ መለስኩለት።

ልነጥቅሽ አይደለም። አሳደግሻት፣ አስተማርሻት፣ ዳርሻት፤ ስለዚህስ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ግን ለትንሣኤ ከመምጣታችሁ በፊት ንገሪያት። ከአንቺ አፍ ብትሰማው ይሻላታል።

ወገብሽን ይማርልሽ፣ ለባለቤትሽም ምሕረቱን ያውርድለት። ጾሙን አስፈጽሞ በሰላም ያገናኘን። በሬን ገብታ አክስቴ ብላ ስትጠራኝ ግን፣ እህቴ፣ ከእንግዲህ አቤት አልላትም።

ታላቅ እህትሽ