ሰጋቱራ የሚሸትበት ፌርማታ

ውድ አባባ፣

ከአንተ በፊት ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡልህ ለአጎቴ ሚስት አንድ ነገር ልበል። እትዬ፣ መሃል ላይ እርስዎን የሚነካ መስመር ካጋጠመዎት ይዝለሉት። ሌላውን ግን አንድም ቃል ሳያስቀሩ ጮክ ብለው ያንብቡ። አባባ እንደሆነ መነጽሩን ዛሬም «የሆነ ቦታ ረስቶታል»።

አባባ፣ እኔ ነኝ፣ የልጅ ልጅህ ጦጢት። እዚህ ሁሉም ደህና ነው። አባዬ አሁንም ያንኮራፋል፤ ጎረቤቶች አሁንም «ጀነሬተር ገዛችሁ እንዴ?» ይሉናል። በጨርቅ ቋጥሬ የላክሁልህን ነገር ገና እንዳትፈታው።

ጠዋት ጠዋት ወደ ልብስ ስፌት ቤትህ ከመሄድህ በፊት «ነይ፣ መርፌዎቼ ላይ ክር አስገቢልኝ፤ የልጅ እጅ ፈጣን ነው» ትለኝ ነበር። መርፌዎቹን ኮትህ ኮሌታ ላይ እሰካቸውና «ጃርት ሆንክ» እልሃለሁ። አንድ ቀን ነጭ ክር ስትጠይቀኝ ለተንኮል ጥቁር አስገብቼ ሰጠሁህ። አገላብጠህ አየኸውና «ተባረኪ» አልከኝ። «ጥቁር እኮ ነው፣ አባባ» አልኩህ። ያኔ ነው እጄን ይዘህ «ለማንም እንዳትናገሪ፤ ዓይኔ መድከሙን ካወቁ ከማሽኔ ላይ ያነሱኛል» ያልከኝ።

ቤትህንም በአፍንጫህ እንደምታገኘው ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። አውቶቡስ ላይ መስኮት ከፍተህ፣ አንገትህን አስግገህ ትሄዳለህ። ሳሙና ፋብሪካው ሲሸትህ ገና ነው። ዳቦ ቤቱ ሲመጣ ቦርሳህን ጭንህ ላይ ታደርጋለህ። የአናጢው ሰጋቱራ ሲሸትህ ትወርዳለህ። «ከተማሽ ማለት» አልከኝ «ዓይንሽን ጨፍነሽም የማትጠፊበት ነው።» እኔም «ፖሊስ ቢሰማ ለሌባ ፍለጋ ይቀጥርሃል» አልኩህ። ስትስቅ ትከሻህ ሲንቀጠቀጥ አሁንም ይታየኛል።

ከዚያ ያ የተረገመ ከሰዓት መጣ።

ከጓደኞቼ ጋር የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። አንተ በፊት በር ገባህ፣ ተቀመጥክ፣ መስኮቱን ከፈትክ። አንዷ ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «እዪው ያን ሽማግሌ! ምኑን ነው የሚያነፈንፈው?» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ቀልድ የሚጠበቀው ከእኔ ነው።

«ዛሬ የማን ቤት እራት እንደሚጥም እየመረጠ ነው» አልኩ።

ተሳቀ። «ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ ከየት አውቄው!»

አናጢው በዚያው ሰሞን ቤቱን ለቆ ከገበያው ጀርባ ገብቶ ነበር። እኔ አውቅ ነበር፤ በእሱ ቦታ የሞባይል ቀፎ ሻጭ ከፍቷል። ቀፎ ደግሞ አይሸትም። ፌርማታችን ላይ ስንቆም በኋላ በር ወረድኩ። አንተ ቦርሳህን አቅፈህ ሰጋቱራውን ትጠብቃለህ። «አባባ፣ ደርሰናል» ማለት ስንት ቃል ነው? በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱም ይዞህ ሄደ። እኔ ቆሜ አየሁ።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ጥበቃው «አባቴ፣ ቤትዎ የት ነው?» ሲልህ፣ ደንግጠህ «ሰጋቱራ የሚሸትበት» አልከው። ጥበቃው ይህንኑ ለአባዬ በስልክ ነገረው፤ በዚህች መልስ ፈረዱብህ። ቤታችን ሸንጎ ተቀመጠ። የቤቱን ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ ረስቶ እኛን አልጋ ሥር ያስፈተሸን አባዬ «አባታችን ማስታወስ አቅቶታል» አለ። እኔን በእህቴ ስም ሲጠራኝ ያመሸው አጎቴ «ጃጅቷል» ብሎ ደመደመ። አንተ ዓይኔ ነው ብትል ማሽንህን ልታጣ፣ ዝም ብትል ጃጀ ልትባል። ወደ እኔ በኩል ዞር አልክ። ለሁሉም መልስ የማላጣው እኔ ግን ስኒ መሰብሰብ ያዝኩ። «ዓይኑ ነው» ካልኩ «አንቺስ የዚያን ቀን የት ነበርሽ?» መምጣቱ አይቀርማ። አጎቴም እሱ ወደሚኖርበት ከተማ ይዞህ ሄደ።

ባለፈው ስትደውል «ይሄ ከተማ ምንም አይሸተኝም» አልከን። አባዬ ስልኩን ዘግቶ «ብሶበታል» አለ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ።

ትናንት ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ «ከየት አውቄው» ያልኩትን ጭምር። ምስጢርህን አወጣሁ፣ አባባ፤ ይህም አንድ ክህደት ነው። ለጥፊ ጉንጬን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን የተንጠለጠለውን የሥራ ኮትህን አወረደና ኮሌታው ላይ የቀሩትን መርፌዎች ዳበሰ። ክራቸው እንዳለ ነው። «እኔ እኮ ሽማግሌው ጌጥ ወዷል እል ነበር» አለ። ቅዳሜ ሊወስድህ ይመጣል። ከዓይን ሐኪሙ ቀጥሎ የምትሄደው ወደ ማሽንህ ነው። አስምዬዋለሁ።

ዛሬ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዓይኔን በሻርፕ አስሬ አውቶቡስ ላይ ተቀመጥኩ። ረዳቱ «እህት፣ ድብብቆሽ ነው?» አለኝ። ጓደኞቼም «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ።

«አያቴ ቤቱን እንዴት እንደሚያገኝ እየተማርኩ ነው።»

«የቱ አያትሽ?»

«ያ የሚያነፈንፈው።»

ማንም አልሳቀም። ሁለቴ ተሳስቼ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ፤ በመጨረሻ ግን አገኘሁት። ከዳቦ ቤቱ በኋላ ጎሚስታው አለ፤ የተቃጠለ ጎማና ማስቲሽ ይሸታል። እሱ ሲሸትህ ተነስ፤ የሚቀጥለው የእኛ ነው።

እትዬ፣ እርስዎን የሚነካ መስመር የለም። እየፈለጉት ምንም ሳይዘሉ እንዲያነቡ ብዬ ነው። ይቅርታ።

አባባ፣ አሁን ቋጠሮውን ፍታው። አናጢው «ምን ልታደርጊው ነው፣ ጥንቸል ማርባት ጀመርሽ?» እያለ የዘገነልኝ ሰጋቱራ ነው። እዚህ እስክትደርስ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ስትመጣ ከፊት ወንበር ከጎንህ እቀመጣለሁ። ጎሚስታው ሲሸት ትንፍሽ አልልም። ካለፈህ ግን፣ የኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርጌ፣ «አባባ፣ ደርሰናል!» እላለሁ።

እስከዚያ ቀና ብላ ልታይህ የምታፍረው፣
ጦጢትህ