ሚስማሯ ሳይነቀል ስለተመለሰችው የገለባ ጠረጴዛ

ለክቡር የነጭ ደመና አየር መንገድ የካቢን ማቅለያና የአካባቢ ጥበቃ መምሪያ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎ፣ የጸሐፊዎ ማኅተም ሳይቀር ደኅና ነው ወይ? እኛ አሰላዎች ከብርዱ በስተቀር ደኅና ነን፤ ጌታ ይመስገን።

ነገሳ ሮባ እባላለሁ፤ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። ባለፈው ጥቅምት በቴሌቪዥን ቀርበው፣ አውሮፕላን በቀለለ ቁጥር የሚፈጀው ነዳጅም የሚተፋው ጭስም ስለሚቀንስ የካቢን ዕቃ ለሚያቀልልን ዜጋ በራችን ክፍት ነው ሲሉ፣ ተማሪዬ ቢፍቱ እውነት መሰላት። የዲክሲስ ልጅ ናትና የገብስ ገለባ አላጣችም። ገለባውን በሙጫ አጣብቃ፣ ተጭና፣ ከመቀመጫ ጀርባ የምትታጠፈውን የምግብ ጠረጴዛ ሠራች፤ በሁለት ጣት የምትነሣ፣ እኔ ቆሜባት ግን ያልተሰበረች። ስለ ማበረታቻዎ ምስጋናዬ ከጭላሎ ተራራ ይገዝፋል። ጥቂት ቅሬታዎቼን ደግሞ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ክብደቷ በማኅተም ይረጋገጥ ስላላችሁን፣ እህል ነጋዴው ሰኢድ ዘንድ ወስደን ሚዛን ላይ አስቀመጥናት። የሰኢድ ሚዛን ኩንታል የለመደ ስለሆነ መርፌው ንቅንቅ አላለም፤ ሰኢድም ወላሂ ምንም የለበትም ብሎ ማለ። የቀበሌው ጸሐፊ ያላየውን የማይጽፍ ሐቀኛ ሰው ነውና «ክብደት፦ የለውም» ብሎ ማኅተሙን መታበት። የወርቅ ሠሪ ሚዛን አለመፈለጋችን የእኛ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ዕቃ ይቅለልልኝ ብሎ የለፈፈ መሥሪያ ቤት «ክብደት የሌለው ዕቃ ስለማይመዘገብ ክብደት ኖሮት ይቅረብ» ብሎ ሲጽፍልን፣ ቢፍቱ ድንጋይ ልሰርባት ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

፪ኛ፦ ቀጥላችሁ ናሙናዋ በጠንካራ የእንጨት ሣጥን ታሽጋ ትላክ አላችሁ። እኔ ሣጥን ስሠራ አልቀልድም፤ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጣውላ፣ ሃያ አራት ሚስማር። እናንተም «ናሙናው ዘጠኝ ኪሎ በመሆኑ እጅግ ከባድ ነው» ብላችሁ መለሳችሁልን። ሃያ አራቱም ሚስማር እንደመታሁት ነበር። ጉድ እኮ ነው! ክቡርነትዎ፣ የመዘናችሁት ሣጥኔን ነው! አንዲት ጠረጴዛ በአንድ ዓመት ውስጥ ክብደት እንደሌላትም፣ ከመጠን በላይ እንደከበደችም በጽሑፍ ያረጋገጠ መምሪያ ሌላ ቦታ ይገኛል ብዬ አላምንም፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

፫ኛ፦ ይህኛው ቀልድ የለበትም። ሰኔ እስኪያልቅ «ተፈትኗል» የሚል ወረቀት ካልመጣ ማሠልጠኛው የምንሠራበትን ክፍል ወስዶ የስብርባሪ ወንበር ማከማቻ ያደርገዋል፤ ቢፍቱም ሥራዋን ጥላ ወደ ዲክሲስ ትመለሳለች። በእሳት ፈትናችሁ ተቃጠለች ብትሉን እንቀበል ነበር፤ ልጅቷም ደግማ ትሠራ ነበር። ሳትታይ መውደቋ ግን አንጀቴን አሳርሮታል፤ በራችን ክፍት ነው ያሉትም ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብናል።

ስለዚህ ሣጥኑን መልሼ ልኬያለሁ። እንዳይቸገሩ ሃያ ሦስቱን ሚስማር ራሴ ነቅያለሁ፤ አንዱን ለክብርዎ ትቼዋለሁ። ጉጠትም ጎኑ ላይ አስሬበታለሁ።

አንድ ሚስማር የሚነቅል ክንድና ሣጥን ውስጥ የሚያይ ዓይን እንዲሰጥዎ ዘወትር የምጸልይ፣

ታዛዥዎ የሣጥኑ አናጢ
ነገሳ ሮባ፣ ከአሰላ

ማስታወሻ፦ የጻፋችሁልንን ደብዳቤ ሁሉ ከነአባሪው ሰብስበን ትናንት ሰኢድ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። ያ ለጠረጴዛዋ ንቅንቅ ያላለው መርፌ ተነሣ፤ ሁለት ኪሎ ተኩል። ቢፍቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች። አደራዎን፣ ያንን ፋይል አውሮፕላን ላይ እንዳይጭኑት።