በሀፊዝ ጃኬት ሥር ያለው ሽጉጥ

ልጄ ሱሀይላ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ባለሽበት አገር ከክፉ ይሰውርሽ፤ ድካምሽን በረካ ያድርግልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። የደሴ ብርድ በርትቶ ጉልበቴን ይዞኛል።

ሐሙስ ለት ወንድምሽ ሀፊዝ ሚኒባሱን ኮምቦልቻ መናኸሪያ አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ አጎትሽ ዘይኑልአቢዲን ከኋላው መጥተው ትከሻውን መታ አደረጉት። እሱም ዘወር ብሎ ከጃኬቱ ሥር ሽጉጥ አውጥቶ ደረታቸው ላይ ደገነ። ሽማግሌው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ያሳደግሁህ እኔ ነኝ እኮ!" አሉት። ከዚያ ወዲህ ቤታችንን አልረገጡም።

ሀፊዝን ባፋጥጠው፣ "ሐረጎ ዳገት ላይ ከዘረፉኝ ወዲህ ነው የታጠቅሁት። ሱሀይላ ናት፣ 'መሣሪያ ያዝ፣ ዙሪያህን እይ፣ ለእማ ግን እንዳትነግራት' ያለችኝ" አለኝ።

ልጄ፣ ሽጉጡ አስደነገጠኝ፤ ያንቺ ነገር ግን አንጀቴን ቆረጠው። በየጁምዓው ስትደውዪ "ሀፊዝ እንዴት ነው?" ስልሽ "ደህና ነው፣ አታስቢ" ትዪኝ ነበር። እኔም ያንቺን ቃል አምኜ ጎረቤት ሲያዝንልኝ ምክንያቱ አይገባኝም ነበር። መዘረፉን አገሩ ሁሉ ሲያውቅ እኔ እናቱ ብቻ አልሰማሁም።

ለሱ ፈርተሽ እንደሆነ አይጠፋኝም። ግን አሁን ከኋላው የመጣ ሁሉ ሌባ ይመስለዋል።

እኔን እምቢ ብሎኛል፤ አንቺን ይሰማል። እባክሽ ደውዪና "ሽጉጡን አስረክብ" በዪው። ለአጎትሽም ደውለሽ "አፉ በሉኝ" በያቸው፤ የመከርሽው አንቺ መሆንሽን ካንቺው አፍ ይስሙ።

ተቀይሜሻለሁ። ዱዓዬን ግን አላቋረጥኩብሽም። አላህ በጤና ያገናኘን።

እናትሽ መዲና