ትልቋን አስገቡ!

ታኅሣሥ 2

ሰባት ሱሪ፣ አንድ የሙሽራ ቀሚስ፣ አንድ መጋረጃ። መጋረጃው የቅባት እጅ ተጠርጎበታል… በመጋረጃ እጅ ይጠረጋል? ኤጭ! አሥራ ስድስት ዓመት ላውንደሪ ሠርቼ ስለ ሰው ልጅ የማላውቀው ነገር የለም። ሁሉም ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጡት «ትንሽ ሻይ ነው የፈሰሰበት» ይላሉ። ትንሽ! ሻይ!

ከሰዓት ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ደወለ። ሹመቱ ጸደቀለት። ቅዳሜ ግቢው ውስጥ፣ ሣሩ ላይ ድግስ አለ። ሚስቱ ሁሉም ሰው ነጭ ይልበስ ብላለች። ነጭ በሣር ላይ… የሰኞ ሥራዬ ከወዲሁ ታየኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ እማዬ…» እማዬ እሱ ጋ ነው ያለችው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሽንቷ ያመልጣታል፤ እግሯም አልታዘዝ ብሏታል። ሚስቱ የአረጋውያን መጦሪያ አግኝታለች። «በወሩ መጨረሻ ትገባለች። ካልሆነ ደግሞ… አንቺ እኮ ሁለት ክፍል አለሽ።»

«ሥራ ይበዛብኛል ጋሼ» አልኩት። እውነት ነው፣ ይበዛብኛል። ስልኩን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ። ምን ነክቼ ነው የታጠብኩት?

ታኅሣሥ 4

ሰማዩ ጥርት ብሏል። የጋሼ ሚስት ድንኳን አያስፈልግም አለች፤ ፎቶ ያበላሻል። «በዚህ በጋ ደግሞ የምን ዝናብ!»

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

እፍ። ፀጉሬ እስካሁን አልደረቀም።

አርባ ሰው፣ ነጭ በነጭ፣ ሐኪም ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የእኔ የጠረጴዛ ልብስ… ጥልፉን ራሴ የጠለፍኩት፣ ለዚህ ቀን ሁለት ጊዜ አጥቤ የተኮስኩት። ሁለት የኪራይ ስፒከር፣ አንዷ ትልቅ አንዷ ትንሽ። እማዬ ዛፉ ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ። ከሰው ራቅ ተደርጋ። ለምን እንደራቀች ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ሄጄ ሳምኳት። ትንፋሼን ይዤ።

የጋሼ አለቃ ንግግር ጀመረ። መሀል ላይ አናቱን ነካና ወደ ላይ አየ። «ወፍ ነች እንዴ?» ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ዶፉ ወረደ።

አቤት የሰው ነገር! አሁን «የኔ ጌታ፣ የኔ እመቤት» ሲባባሉ የነበሩት በር ላይ በክርን ተደቋቆሱ። አንዷ ኬኩን አቅፋ ስትሮጥ ግማሹ ደረቷ ላይ ቀረ። አለቃው የሥጋውን ሳህን ይዞ ሮጠ። ለማዳን እንዳይመስል… እየበላ ነው የሮጠው። የጋሼ ሚስት በሩን ዘግታ ቆማለች። «ጫማ አውልቁ! ምንጣፌን! ጫማ!»

ጋሼ በረንዳው ላይ ሆኖ ይጮኻል። «ትልቋን አስገቡ! ኧረ ትልቋን!»

እዚያ ቤት ትልቋ ማለት እማዬ ናት። የጋሼ ልጆች ያወጡላት ስም ነው፤ የእናታቸው እናት ትንሿ፣ የአባታቸው እናት ትልቋ። ሦስት ጎረምሶች ሲሮጡ አየሁ። እሰይ፣ ሊያስገቧት ነው አልኩ። የጠረጴዛ ልብሴን ጠቅልዬ ገባሁ።

ሳሎኑስ! የአርባ ሰው እርጥብ ካልሲ። የእማዬ የሳሎን ወንበር ላይ፣ በእማዬ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ማን ተቀምጣለች? ትልቋ ስፒከር። ሦስቱ ጎረምሶች አጠገቧ ቆመው ያለከልካሉ።

«እማዬስ?»

«አስገቧት አይደል?»

«እኔ እኮ እነሱ ያስገቧት መስሎኝ…»

«እኔ ደግሞ አንቺ መስለሽኝ…»

ሁሉም መስሎታል። አንድም ሰው ግን ከምንጣፉ አልተነቃነቀም። እነሱ ተጠልለዋላ!

ወጣሁ። ሳህኗን ገልብጣ አናቷ ላይ ደፍታዋለች። ሩዙ በጉንጯ ይወርዳል።

«መጣሽ?» አለችኝ። «ሙዚቃው ምነው ቆመ?»

ታኅሣሥ 7

ጋሼ ሦስት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። እናቱን ዝናብ ላይ ትቶ ስፒከር የሚያስገባ! ሰው ነው ይሄ?

ታኅሣሥ 8

እንዳልኩት። ነጭ ልብስ በፌስታል፣ በፌስታል። ጭቃ፣ ሣር፣ ክሬም፣ የሥጋ ቅባት። «ትንሽ ውሃ ነው የነካው።» ኤዲያ!

ከሰዓት ጋሼ ራሱ መጣ። ሱፉን ባንኮኒው ላይ አደረገ።

«ስልክ አታነሺም።»

«ትንሽ ውሃ ነው የነካው?» አልኩት።

«እሜቴ ሳሙና፣ ስሚኝ።» ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያበሽቀኝ እንዲህ ነው የሚለኝ። «እማዬን ነው ያልኩት። ስፒከሯን ያልኩ የመሰላቸው ልጆቹ ናቸው። እግዜር ምስክሬ ነው!»

«አንተስ እግር የለህም? በረንዳ ላይ ቆሞ መጮህ…»

አቀረቀረ። ደህና አድርጌ ነገርኩት ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ በእሷ በኩል ነው ያለፍሽው» አለ። «የጠረጴዛ ልብሱን ይዘሽ።»

ደረሰኝ ቆርጬ ሰጠሁት። ሐሙስ ይደርሳል አልኩት።

ታኅሣሥ 11

ሱፉ ደርሷል። መጥቶ አልወሰደውም።

እሺ… ማንም አያነበውም፣ ልጻፈው። ቅዳሜ የጻፍኩት ውሸት ነው። በገዛ ደብተሬ ዋሸሁ፣ ጉድ እኮ ነው። ጎረምሶቹ ስፒከሯን ሲያነሱ አይቻለሁ። እማዬንም አየኋት፣ ብትርቅ ከዚህ እስከ በሩ ድረስ ነው። እጇን ዘረጋችልኝ።

ቀሚሷ ከታች ርሷል። ዝናቡ ሳይጀምር የራሰ ነው፣ ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። እሷን ማንሳት ማለት ማቀፍ ነው። ነጭ ለብሻለሁ። ሌላ ሰው ይመጣል አልኩና የጠረጴዛ ልብሴን አቅፌ ሮጥኩ።

የማላውቀውን ሰው ትውከት በእጄ አሽቼ አጥባለሁ። የእናቴ ሽንት ነው የሚቀፈኝ? ያቺ ኬክ ያቀፈችው ሴትዮ ከእኔ በምን ታንሳለች? ዛሬ የቀፈፈኝ የገዛ ራሴ ነው። በሳሙና የሚለቅም አይደለም።

ታኅሣሥ 12

ለጋሼ ደወልኩ። «መጦሪያው ይቅር። ነገ ወደ እኔ አምጣት።»

«ሥራ አይበዛብሽም?»

«ይበዛብኛል። ሱፍህንም ውሰድ።»

ታኅሣሥ 21፣ እሑድ

እማዬ ከመጣች ሳምንት አለፋት። ትለምጂዋለሽ ያሉኝ ሁሉ ውሸታሞች ናቸው። ጠዋት ብርድ ልብሷን ስገልጥ ያው ያቅለሸልሸኛል። ዳይፐሩን አልፈልግም ብላ ትወረውረዋለች፣ አንዴም በር ላይ የቆመች የጎረቤት ሴት መትታበታለች። የጠረጴዛ ልብሱን አራት ቦታ ቀድጄ ከሥሯ ማንጠፍ ጀመርኩ። በፍታ ውሃ ይመጥጣል። ጥልፉን ግን ወደ ታች አደርገዋለሁ፣ ጀርባዋን እንዳይቆረቁራት።

ዛሬ ፀሐይ ስለነበረ ደጅ አስቀመጥኳት። አንሶላዎቹን አሰጣሁ። ሊደርቁ ትንሽ ሲቀራቸው… ዱብ። ዱብ ዱብ።

«ልብሱን አስገቢ!» ብላ ጮኸች። «ኧረ ልብሱን!»

ልብሱን ተውኩት። በብብቷ ገብቼ አነሳኋት። ታችዋ ርሷል፣ እንደ ፈራሁት። ደረቴ ላይ ተለጠፈች፣ አፏ ጆሮዬ ሥር ነው።

«ተንፍሺ እንጂ ልጄ» አለችኝ። «ባየሁሽ ቁጥር ትንፋሽሽን እንደያዝሽ ነው… ታፍነሽ ትሞቻለሽ።»

ተነፈስኩ። ሸተተኝ። አስገባኋት።