ሚስቴ ከእኔ ደብቃ ለቅጽዎ ስለ ነገረችው ነገር

ይድረስ የኢንሹራንስ ዋጋ በድረ ገጽ ለሚያወዳድረው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ሠራተኞችዎም፣ በተለይ የባለቤቴን ስልክ ቁጥር በቃላቸው የያዙት፣ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ያለነው ደህና ነን ልል ነበር፤ ግን የቤቴን ጤና ከእኔ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁት መልሱን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ባለፈው ወር ባለቤቴ የጤና ኢንሹራንስ ዋጋ ለማየት ብላ ቅጽዎን ሞላች። በሳምንቱ እኔ 18 ማዞሪያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ሶሊ የሚባል ሠራተኛዎ ደወለልኝ። በባለቤቴ ሕመም ማዘኑን በጨዋ ደንብ ገልጾ፣ ኢንሹራንሱን በቤተሰብ ብንገባ እንደሚሻለን መከረኝ። መታመሟን የሰማሁት ያኔ ነው። ከተጋባን አሥራ አራት ዓመታችን ነው።

ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፦

1. ዋጋ ለመንገር የባል ስልክ ቁጥር ምን እንደሚያደርግልዎ አልገባኝም።

2. ከሶሊ ወዲህ ሰምተናቸው የማናውቅ አራት ድርጅቶች ይደውሉላታል። ጠዋት እንዴት አደርሽ ልላት አፌን ስከፍት ስልኳ ይጠራል፤ ስለ ሕመሟም ቀድመውኝ ይጠይቋታል። ማክሰኞ የሐኪም ቀጠሮ እንዳላት የሰማሁት ከአንዱ ነው። ቀናሁ፣ ምን ልደብቅዎ! ሰው በሰው ይቀናል፤ እኔ በቅጽ ቀናሁ።

3. ቅጹን ራሴ ገብቼ አየሁት። መቼ እንደ ጀመራት፣ ምን ሲሆን እንደሚብስባት፣ ከቤተሰቧ ማን ታሞ እንደ ነበር አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ መሐል ላይ ኳስ ስንት ለስንት ሆነ አይልም። እኔ እንዲህ ጠይቄያት አላውቅም። መጨረሻው ላይ ግን በጥቃቅን ፊደል መረጃው ለሌሎች ድርጅቶች ሊተላለፍ እንደሚችል ተጽፏል። እሷ እዚያ ድረስ አልወረደችም።

ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም ብዬ ተቆጣሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን አስታወሰችኝ፤ ሌላ ነገር ደርሶባት ለማንም እንዳልናገር ለምናኝ ነበር። እኔ ደግሞ በቅን ልብ ለሰፈራችን የጸሎት ኅብረት የጸሎት ርዕስ አድርጌ አቀረብኩት። እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ ግማሹ ምእመን በር ላይ እያቀፈ አጽናናት፤ እሷም ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ቅጽዎ ግን ከላይ በትልቁ መረጃዎ በምስጢር ይጠበቃል ይላል። አንተ እንዲህ ብለኸኝ አታውቅም አለችኝ።

ስለሆነም ስለ እሷ ያለዎትን ሁሉ እንዲሰርዙ፣ መረጃውን ላከፋፈሏቸው ድርጅቶችም ደውለው እንዲያሰርዙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። መደወል እንደማይሰለቻችሁ አይቻለሁና አይከብዳችሁም።

ሳንለምንዎ ስላሳዩን የማያቋርጥ እንክብካቤ ከወገብ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ በሥራዎ ሁሉ እንዲቀናዎ፣ በእኛ ቤት በኩል ግን እንዳይቀናዎ እመኛለሁ።

በቅጽዎ ላይ «የትዳር ጓደኛ» በሚለው ሳጥን ውስጥ የሚገኙት ግለሰብ
(ስሜን አልጻፍኩም፤ እርስዎ ጋ አለ)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ባለቤቴን አስፈቅጃለሁ። ሁለት ጊዜ አንብባ፣ ስሟንና የሕመሟን ስም አስወጥታ ፈቀደችልኝ፤ ማክሰኞም አብሬያት እንድሄድ የነገረችኝ ያኔ ነው። ሰውን ማስፈቀድ እንዲህ ቀላል መሆኑን ለማወቅ እኔ አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እርስዎ ኮምፒውተር ስላለዎ ቶሎ ይደርሱበታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።